ኔትወርክ ፍለጋ እስከ እትዬ አስካለ ማማ

ከደብረ ብርሃን የተነሣነው በኅዳር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከመኪናችን መስታወት ላይ ውርጩን በማንኪያ ፍቄ ካነሣሁ በኋላ ነበር። መኪናችን ስል ቤታችንን ጭምር ማለቴ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተን፣ ወንበሮቹን አስወልቀን፣ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ታጣፊ ጠረጴዛ አስገብተንበታል። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ። ከውጭ ሲያዩት አሁንም ታክሲ ስለሚመስል በየመንገዱ እጁን የሚያነሣልን ተሳፋሪ አይጠፋም።

የጉዞው ምክንያት የባለቤቴ የምሕረት ደረት ነው። ምሕረት መምህርት ነበረች። አስሟ እየባሰ ሲመጣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳትስል ማስተማር አቃታትና ሥራዋን ተወች። ሐኪሟ ብርዱን ካልሸሸች መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃት ነገራት፤ ቆላ ውረጂ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ የምሠራው በኢንተርኔት ነው። ውጭ አገር ሐኪም ቤት ሄደው ቋንቋ ለሚቸግራቸው ወገኖቻችን በቀጥታ አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ አደርሳለሁ፤ ታማሚው ይመልሳል፣ እኔ በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። መሐል ላይ መስመሩ ከተቆረጠ ተንጠልጥሎ የሚቀረው የሰው ጤና ስለሆነ አሠሪዎቼ ቀልድ አያውቁም። ሦስት ጊዜ የተቆረጠበት አስተርጓሚ ይሰናበታል። አንዱን ዕድሌን መብራት ሲጠፋ ደብረ ብርሃን ላይ ጨርሼዋለሁ።

«ሁለት ወዶ አይሆንም» አለኝ ወንድሜ ሲሸኘን። ወይ ሥራህን ወይ የሚስትህን ጤና ምረጥ ማለቱ ነው። ምሕረት አጠገቤ ቆማ እየሰማች ስለነበር በጣም ተናደድኩ። ሞተሩን አስነሣሁ።

ቁልቁለቱ

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ስለነበር ከመንገዱ ዋሻ አፍ ላይ ቆመን ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ጠየቅን። በዚህ መንገድ ከመውረድ በፊት መጠየቅ ልማድ ሆኗል። «ሰላም ነው፣ ግን ሳይመሽ ግቡ» አለን። ምሕረት አፏን በነጠላ ሸፍና ትስላለች። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። እኔ ፍሬኑን እየፈራሁ በሁለተኛ ማርሽ ስንፏቀቅ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋብኝ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። አርማኒያን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ መስኮቱን ከፈትኩ። ምሕረት ነጠላውን ከአፏ አነሣችና ቆሎውን መቆርጠም ጀመረች። እስከዚያ ድረስ ሲያስላት ትን እንዳይላት ፈርታ አልቀመሰችውም ነበር።

ሸዋ ሮቢት፣ የሆቴሉ ግቢ

ሸዋ ሮቢት የገባነው በምሳ ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ባጃጆቹ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ፓፓያና ሎሚ በየደጁ ተዘርግቷል። ሰፋ ያለ ግቢ ካለው ሆቴል ገብተን፣ ለማደሪያ አነስ ያለ ክፍያ ተስማምተን፣ አንድ የኒም ዛፍ ሥር አቆምን።

«ዋይፋይ አላችሁ?» አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።

«አለ ጋሼ። ሰው ሲበዛ ግን ይደክማል።»

ሞከርኩት፤ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ጊዜው ሰባት ሰዓት መሆኑን፣ እንግዳውም ገና መንገድ ላይ መሆኑን አላሰብኩም። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ አገር ሲነጋ፣ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። በአሥር ሰዓት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ግቢው ውስጥ ወረደ። እኔ የአንድ ሰው የስኳር መድኃኒት መጠን እያስተረጎምኩ ሳለ የሐኪሙ ፊት ደርቆ ቀረ፣ ድምፁም ጠፋ። ሁለተኛውም ዕድሌ ሄደ።

በሆቴሉ ላይ ስነጫነጭ ምሕረት ሰማችኝና፣ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ልጅቷ ይደክማል ብላህ አልነበር?» አለችኝ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ደንግጬ ነቃሁ። ሳሏን ስላልሰማሁ ነበር የደነገጥኩት። እጄን አፍንጫዋ ሥር ሳደርግ በሰላም ትተነፍሳለች። ከዚህ በኋላ ወደ ብርዱ ይዣት ብመለስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።

ጀውሃ

ረቡዕ ወደ ጀውሃ ወጣን። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ከኔትወርክ ታወር አጠገብ ያደረ ሰው ኔትወርክ አይቸግረውም። ከታወሩ ብዙም ሳንርቅ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያርፉበት ዳር አቆምን። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ በላን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ድስቱን ከነፍላቱ አምጥታ ፊታችን ስታስቀምጥ ስለ ኔትወርኩ ጠየቅኳት።

«ሞልቶ! ግን አሁን ሹፌሩ ሁሉ ተኝቶ ቪዲዮ ያያል» አለችኝ። «ደግሞ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።»

እውነቷን ነው። ስልኬ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ዳታው ግን አይንቀሳቀስም። ሌላውን ሲም አስገባሁ፤ እሱም ያው። በዚያ ላይ የተሳቢዎቹ ሞተርና ጥሩምባ አለ። ለዕለቱ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሰጡኝ፤ ሐሙስ ግን ሰው ስለሌለ መቅረት እንደማይቻል ጻፉልኝ። ሦስተኛው ከተቆረጠ የቤታችን ገቢ በሙሉ ያበቃል።

ማማው

ሐሙስ ቀትር ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት እየተመለስን ነው። እኔ እነዳለሁ፣ ምሕረት ስልኩን ይዛ ምልክቱን ትጠራለች። «ሦስት… ሁለት… ሦስት… አራት! አራት ነው፣ ቁም!» ከአስፋልቱ ወጥቼ ጥርጊያውን ትንሽ እንደገባሁ ግራ ቀኙ ማሽላ ሆነ። ዘለላው ከብዷል፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ከመኪናው ወርጄ ስልኬን ከፍ አድርጌ ወደ ውስጥ ስገባ ምልክቱ ወረደ።

«ማነህ አንተ? ማሽላዬ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ድምፁ ከላይ ነው የመጣው። ከማሳው መካከል በአራት እንጨት ላይ የቆመ፣ ገለባ የለበሰ ማማ አለ። ላዩ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጅራፍ ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ እንደሚባሉ፣ ማሳው የእሳቸው መሆኑንና እሸቱ ከያዘ ጀምሮ ወፍ የሚጠብቁት ራሳቸው መሆናቸውን በኋላ ነገሩን።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኔትወርክ እየፈለግኩ ነው።»

«ኔትወርክማ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጄ ከአረብ አገር ስትደውል የምሰማት ከዚህ ነው። ና ውጣ፣ እርከኑን ቀስ ብለህ ርገጠው።»

ወጣሁ። ማማው ከማሽላው በላይ ነው፣ ከፊቱ የሚጋርደው የለም። ሲሙ የሚገባበትን ራውተራችንን ከትንሽ ባትሪው ጋር ከመኪናው አስመጥቼ ከእንጨቱ ጋር አሰርኩትና ሞከርኩ። ከሸዋ ሮቢቱም ከጀውሃውም በለጠ። ራውተሩን ትቼ መኪናው ውስጥ ልሥራ ብልም ዋይፋዩ እስከዚያ አልደረሰም፤ መሥራት ያለብኝ እዚያው ማማው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ስለ ሥራዬ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ አንተ ከተቀመጥክ እኔ የት ልሁን?» አሉኝ ሳቅ እያሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ማዶ መንደር ለቅሶ አለብኝ። ማሳውን ጥዬ እንዴት ልሂድ ብዬ ሲጨንቀኝ ነበር። አንተ ወፉን ከጠበቅክልኝ ቦታው እስኪመሽ ያንተ ነው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ አንድም ወፍ የለም። «ችግር የለም እትዬ፣ ይሂዱ» አልኩ።

«ዝም እንዳትል። ዝም ካልክ ይወርድብሃል። ይኸው ጅራፉ።»

ሥር ቆማ የነበረችው ምሕረት፣ «እያስተረጎምክ ነው የምትጮኸው?» አለችኝ። ወፍ የት አለና ብዬ አሾፍኩባት። ግሪሳ በቀትር ሙቀት ዛፍ ላይ አርፎ እንደሚውል፣ የሚወርደውም ጠዋትና ማታ መሆኑን የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱ።

ከአሥር ሰዓት በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች በሰላም አለፉ። ቀጥሎ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና በፊት ሊያስረዳቸው የፈለጋቸው አንዲት እናት መስመሩ ላይ መጡ። ስማቸውንና ሕመማቸውን ሙያዬ አያስነግረኝም። በጣም ፈርተዋል፤ ለሁሉም ጥያቄ የሚመልሱት «እሺ» ብቻ ነው።

ያኔ ከማሳው ማዶ ካለው ወንዝ በኩል የሆነ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ ነበር። ግሪሳው ነው። አንዴ ዞረና የማሳው ጫፍ ላይ ወረደ፤ የማሽላው አናት ሲንቀጠቀጥ ከማማው ላይ ይታየኛል። ጅራፉ እግሬ ሥር አለ። ብጮኽ የፈሩትን እናት አስደነግጣለሁ። ማይክሮፎኑን ብዘጋ ሐኪሙ የሚለው ያመልጠኛል፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚናገረው ስለ ማደንዘዣው ነው። እያስተረጎምኩ የእትዬ አስካለ የዓመት ልፋት ዓይኔ እያየ ሲበላ ላቤ ወረደ። ሞኝነቴ ነው፣ ያላየሁትን እጠብቃለሁ ማለቴ።

«ሃይ! ሃይይይ! ውጡ! ውጡ ከዚህ!»

ድምፁን ወዲያው አላወቅኩትም። በተዋወቅንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር በኩል ሳልፍ የምሰማው ድምፅ ነበር። ምሕረት የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበች በማሳው ዳር ትሮጣለች። ወፉ ተነሣ፣ ዞሮ ወደ ሌላው ጫፍ ወረደ። እሷም ዞረችለት። እየሮጠች ትጮኻለች፣ ቆማ ትጮኻለች፣ ሳል የሚባል ነገር የለም።

እናትየው «እሺ» ማለታቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ማሽላ እየተጠበቀ ነው እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምትጮኸው ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እሰይ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንዲህ የምትጮኽ ሴት ጤነኛ ናት።»

ሐኪሙ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ደንባችን የተባለውን ሁሉ ማድረስ ነው፤ ስለ ማሽላውም፣ ስለ ወፉም አስረዳሁት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን መሐል ላይ አቋረጥኳት። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ጀመርኩ። መስመሩ እስከ መጨረሻው አልተቆረጠም። እናትየውም ከዚያ በኋላ የሚጠይቁትን ጠየቁ።

እትዬ አስካለ የተመለሱት ፀሐይ ስትገባ ነው። በማሳው ጫፍ ሄደው ዘለላውን ዳበሱ። «ትንሽ ቀምሶልሃል» አሉኝ። አፍሬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ወደ ምሕረት ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጮኽሽው? ለቅሶ ቤት ድረስ ተሰማሽ እኮ! እስኪታጨድ ነይልኝ። እሱም እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ያውራ።»

ወደ ቤት

ሳምንቱ እስኪያልቅ በዚሁ ሥርዓት ሠራን። እኔ ማማው ላይ፣ ምሕረት ማሳው ዳር፣ እትዬ አስካለም እግራቸውን ዘርግተው መኪናችን ደጃፍ። በኋላ ግን እዚያው ጎን ለራውተሩ የራሱን ረጅም እንጨት አቆምኩና ማማውን ለእትዬ አስካለ መለስኩ። ለሌላ ተጓዥ የምመክረው ቢኖር፣ ኔትወርክን በምትሠራበት ሰዓት ሞክረው እንጂ በምሳ ሰዓት ፍጥነቱ አትደሰት፤ ከታወር ቅርበት ይልቅ የሚጋርደው የሌለበት ከፍታ ፈልግ፤ ራውተሩ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ግን ለአገሩ ሰው እሺ ከማለትህ በፊት እሺ ያልከው ነገር በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቅ።

እሑድ ከሰዓት የክረምት ልብሳችንንና የቀረ ዕቃችንን ለማስተካከል ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ምሕረት መስኮቱን ዘጋች። ከዋሻው ስንወጣ ነጠላውን አፏ ላይ አድርጋለች።

ወንድሜ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እንዴት ነበር? ኔትወርኩ ያዘ?» አለ። እኔ ስለ ማማው ስጀምር ምሕረት አቋረጠችኝ። እንዴት እንደጮኸች ራሷ ልታሳየው ፈለገች። ከመኪናው ወርዳ፣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ «ሃይ!» አለች። ሁለተኛው አልወጣላትም። ሳሉ ያዛትና የመኪናውን በር ተደግፋ ጎንበስ አለች።

ወንድሜ ሮጦ ውኃ አመጣላት፣ እስክትጠጣም ጀርባዋን ደገፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው የምትወርዱት?» አለኝ።