የኔሪዳ የሰመጡ ኬኮች

የወንድሜ ሚስት ኔሪዳ ስትጨነቅ ትጋግራለች። ሌላው ሰው ጥፍሩን ይበላል፣ እሷ እንቁላል ትመታለች። ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤቷ ገብቼ ሁለት የዘቢብ ኬክና አንድ ትሪ ብስኩት ሳይ፣ "ደግሞ ምን መጣ?" አልኩ በልቤ።

የመጣውማ ቲያትሩ ነበር። ከተማችን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሙዚቃዊ ተውኔት ታሳያለች። ሥጋ ሻጩ ይዘፍናል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ይዘፍናል፣ ለእረፍቱ ሻይ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳህን ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ወንድሜ ኮልም አለበት።

ኮል ሠላሳ ዓመት የወተት መኪና የነዳ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተዘጋ። የቀረችው ቃል አንድ ብቻ ናት፦ "ማክሰኞ።" ለምን ማክሰኞ እንደሆነች እግዜር ይወቅ። ሻይ ሲያምረው ማክሰኞ፣ ሲናደድ ማክሰኞ፣ ውሻውን ሲጠራም ማክሰኞ። ግን ጉድ በሉ፣ ይዘፍናል! የዜማውን መነሻ የሚሰጠው ካገኘ ቃላቱ አንድም ሳይቀር እንደ ድሮው ይወጣሉ። ንግግርና ዘፈን ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቤት አይኖሩም አለችን የምታክመው ሐኪም።

ኔሪዳ ይህን ይዛ ከዘፋኞቹ ጋር አስገባችው። ለአዘጋጁ ለጃረድ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጃረድ በየካቲት ከሆባርት ከተማ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ኮልን ዝምተኛ ሽማግሌ አድርጎ ነው የሚያውቀው።

"ከነገርኩት ያዝንለትና ከኋላ ያቆመዋል" አለችኝ።

"ዝም አይነቅዝም ብለሽ ነው? ይሄ ይነቅዛል" አልኳት። አልሰማችኝም። የከተማው ሰውም እንደ ልማዱ የሰው ጉዳይ ነው ብሎ አፉን ያዘ።

የኮል ድርሻ አንዲት መስመር ናት። ልጆቹ ባሕር ላይ የቀሩበት አባት ሆኖ ወደቡ ጫፍ ይቆምና፣ ፒያኖው መነሻውን ሲሰጠው "ጀልባዋ መጣች፣ መብራቱን አብሩ" ብሎ ይዘፍናል። ከዚያ መንደሩን ሆነው የቆሙት ዘፋኞች በሙሉ ይቀበሉታል። እሱ ካላለ ማንም አይጀምርም። ለዚች መስመር ብሎ ወንድሜ ስድስት ወር ሙሉ ጢሙን እየተላጨ ልምምድ ሄደ። ከዚያ በፊትማ ከአልጋው ለማስነሳት ስንት ልመና ነበር!

ረቡዕ ልምምዱ ሲያልቅ ጃረድ ፊቱ እያበራ፣ ኔሪዳና እኔ ኮልን ወደምንጠብቅበት መጣ። "እትዬ ኔሪዳ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ! እሷ ቦታ ላይ ፒያኖውን አቆመዋለሁ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጋሽ ኮል ሳይዘፍኑ በንግግር ይሏታል። ሰዉ ያለቅሳል! ቅዳሜ ትኩስ እንድትሆን አሁን አንሞክራትም።"

ኮል እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ምን ይበል! ኔሪዳም ፈገግ አለች። እኔ ደሜ ፈላ።

ቤት ስንደርስ ሦስት ስፖንጅ ኬክ አከታትላ ጋገረች። ሦስቱም መሃላቸው ሰመጠ። ስፖንጅ ኬክ ኦቨኑ ከተከፈተበት እንደሚሰምጥ ከተማውን ያስተማረች እሷ ናት፤ ያን ቀን ግን በየሁለት ደቂቃው ትከፍተዋለች።

"ያ ሁሉ ሰው ፊት ወጥቶ ማክሰኞ ሊል ነው" አለች። "ይስቁበታል፣ ዶቲ። ከዚያ በኋላ ከቤት አይወጣልኝም።"

ሐሙስ፣ "እነግረዋለሁ" ብላ የዘቢቡን ኬክ ይዛ ጃረድ ቤት ሄደች። በባዶ ሳህን ተመለሰች።

"ነገርሽው?"

"ኬኩን ወደደው።"

"አንቺ ሴትዮ!"

"ኮል አትንገሪው በሚል ዓይን እያየኝ እጄን ይዞኛል፣ ምን ላድርግ?" ብላ አለቀሰች።

መላ የመታሁት እኔ ነበርኩ፤ ጉራ አይሁንብኝና። ቤት ሲለማመድ መነሻውን የምሰጠው እኔ ነኝ። ኔሪዳ አትዘፍንም። በሰባት ዓመቷ የመዘምራኑ መምህርት "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አለቻት፤ ይኸው ስድሳ ዓመት፣ ልደት ላይ እንኳ ከንፈር ብቻ። መምህርቷም አልዋሸች፣ አንዴ ዶሮዎቿን በዘፈን ስታባብል ሰምቻታለሁ። "ሦስተኛው ረድፍ ላይ እቀመጥና እኔ አስነሳዋለሁ፤ ይሄ አፍ መቼ አሳፍሮሽ ያውቃል?" አልኳት። ዓርብ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ይዛ ሁለት ኬክ ደግማ አሰመጠች።

ቅዳሜ ተውኔቱ ቀንና ማታ ሁለቴ ይታያል፤ ለቀኑ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከኮል በፊት ስለነበረው አትጠይቁኝ፤ ሰዉ ሲስቅ ሳቅን፣ ሲያጨበጭብ አጨበጨብን፣ አንድም ነገር አላየንም። ኔሪዳ እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

ኮል ብቅ አለ። ወደቡ ጫፍ ቆመ። ፒያኖው ዝም አለ።

አፌን ከፈትኩ። ደርቋል! ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስድሳ አራት ዓመት ያላረፈ አፍ ያችን ደቂቃ ከዳኝ። መድረኩ ላይ ኮል አየር ሳበ፣ ከንፈሩ ገጠመ፣ "ማ..." ሲል ሰማሁት።

አጠገቤ ወንበር ተንቋቋ። ኔሪዳ ቆማለች።

"ጀልባዋ..." ብላ ዘፈነች።

አምላኬ! ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይሻላል። ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። ኮል ግን ዞሮ አያት፣ ከተጣመመበት ቦታ ተቀበላትና፣ "ጀልባዋ መጣች፣ መብራቱን አብሩ!" አለ፤ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። መንደሩም በዚያው በተጣመመው ዜማ ተከተለው። ምስኪኗ ፒያኖ ተጫዋች እስክትደርስባቸው ላቧ ጠብ አለ። ኔሪዳ ቆማ ቀረች፤ እኔ ነኝ ቀሚሷን ጎትቼ ያስቀመጥኳት።

በእረፍቱ ጃረድ ሻዩ ጋ ሮጦ መጣ። "ጋሽ ኮል፣ ምን ሆነው ነው?"

ኮል የሰመጠውን ኬክ ጎርሷል፤ የመሃሉን ጉድጓድ ኔሪዳ በክሬም ሞልታው ነበር። ኔሪዳን እያየ "ማክሰኞ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ምን ማለታቸው ነው?"

"ከታመመ ወዲህ ያለችው ቃል እሷ ብቻ ናት" አለች ኔሪዳ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የነገረችው።

ጃረድ ፊቱ አመድ መሰለ። "ለምን አልነገሩኝም? ለማታው ፒያኖውን እመልሰዋለሁ፣ አሁኑኑ—"

ኮል ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ ነው። በጣቱ ወደ ሚስቱ አመለከተ።

"ተወው" አለችው ኔሪዳ፣ ለኮል ሻይ እየቀዳች። "ማታም እኔ አስነሳዋለሁ።"