የተጠገነው ጀሶ

ሰው የአስመራን ነገር ሲያነሳ ሲኒማውንና ማኪያቶውን ይናፍቃል፤ እኔ የምናፍቀው አንድ ድንጋይ ነው። ከቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ በአባቴ መንደር አፋፍ፣ በሁለት ቋጥኞች ላይ የተጋደመ ረጅም ጥቁር ድንጋይ። በአሎሎ ሲመቱት ይጮኻል። ለቅዳሴም፣ ለቀብርም፣ ቤት ሲቃጠልም መንደሩን የሚጠራው እሱ ነበር። ድምፁን ልግለጸው ብዬ ስንቴ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ደረት ውስጥ ይገባ ነበር፣ በቃ።

ከአፋፉ ስር አንድ ኩባንያ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ማውጣት ጀመረ። ድማሚቱ ሲፈነዳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ድንጋዩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበረ፤ መንደሩ «እየሰፋ ነው» ይላል፣ ኩባንያው «ጥንትም የነበረ፣ ፀሐይ ያመጣው ነው» ይላል። የሚያናድደው ሁለቱም እውነት ሊሆን መቻሉ ነው። ያረጀ ስንጥቅ ዛሬ አይሰፋም ያለው ማን ነው?

እኔ ያኔ ከተማ ውስጥ ሳይንስ አስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርቱም አቤቱታውም በአማርኛ ብቻ፣ መንደሩ ግን ትግርኛ ተናጋሪ ስለነበረ፣ የመንደሩ አፍ እኔ ሆንኩ። ድንጋዩን የሚመረምር ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪላክ በስንጥቁ ላይ ጀሶ አሻግሬ በየቦታው ለጠፍኩ። ድንጋዩ ከተከፈተ ጀሶው ይሰነጠቃል። ጀሶ ሲደርቅ በራሱም ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ለማነጻጸሪያ አንዱን ደህና ድንጋይ ላይ አደረግሁ። ትንሽም ሳልንጠባረር አልቀረሁም።

ከሳምንታት በኋላ ስሄድ በስንጥቁ ላይ ያሉት ሁሉ ፀጉር በሚያህል መስመር ተሰንጥቀዋል፤ ማነጻጸሪያው ደህና ነው። በደስታ ጮህኩ። ኣሞይ የምላት የአባቴ እህት አጠገቤ ቆማ ነበር። ሥራዬ ተሰነጣጥቆ መደሰቴ ገርሟት አየችኝ። ባለሙያው በዓይኑ ያየዋል ብዬ ወደ ከተማ ወረድኩ።

በመሃል ንግደት፣ የደብሩ ዓመታዊ በዓል ደረሰ። ዘመድ ከየቦታው ይመጣል፤ ለዚያ ቀን የተሰነጠቀ ነገር አይተውም። ሴቶቹ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ወለል ይለቀልቃሉ።

ከበዓሉ በኋላ ባለሙያውን ይዤ ስወጣ ጀሶዎቹ ሁሉ እንደ ወተት ነጥተው፣ አንዳች መስመር ሳይኖርባቸው ጠበቁን። አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ኣሞይ ግን ፈገግ ብላ፣

«ኣጋይሽ ከይርእይዎ ጸጊንናዮ፣ ጓለይ» አለችኝ።

እንግዶች እንዳያዩት ጠገንነው፣ ልጄ፣ ማለቷ ነው። የልጃቸው ሥራ በሰው ፊት እንዳይነወር ብለው ነው። ማነጻጸሪያውም ለብቻው ደብዝዞ እንዳይቀር አብረው አድሰውታል። ወይ ነዶ!

ለባለሙያው ተረጎምኩለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተንበርክኮ ጣቱን በስንጥቁ ላይ አስኬደ።

«መምህርት፣ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም» አለ።

«እኔ አይቻለሁ፣ ጋሼ። ባይሰነጠቅ ለምን ይጠግኑታል?»

«ማነጻጸሪያውንስ አድሰውት የለ? እሱም ተሰንጥቆ ቢሆንስ?»

ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ትክክል ስለነበረ ነው። ተማሪዬ ቢሆን እኔም ይህንኑ እጠይቀው ነበር። አዲስ ጀሶ ለጥፈን ክረምቱ እስኪያልፍ እንድንጠብቅ ተስማማን። እስከዚያ ድማሚቱ ይቁም ብዬ ለመንኩ። ለማቆም ማስረጃ ያስፈልጋል ተባልኩ።

ክረምቱ ሳያልፍ፣ እንደ ማንኛውም ቀን በሆነ ጠዋት፣ ድማሚቱ ሲፈነዳ ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። ቁፋሮው ከአፋፉ ይራቅ የሚለው ውሳኔ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መንደሩ በምትኩ ብረት ሰቀለ። ይሰማል፤ ሰውም ይመጣል። እኔ ግን ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ብሰማው ምን ነበረበት እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ኣሞይ ታማ፣ አስመራ ዓባ ሻውል ሰፈር፣ እኛ ቤት ተኛች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ።

«ጓለይ፣ ነቲ እምኒ ንሕና ዲና ሰቢርናዮ?»

ድንጋዩን የሰበርነው እኛ ነን ወይ? ይህን ይዛ ስንት ዓመት እንደኖረች አላውቅም። ሴቶቹ ባይጠግኑት ባለሙያው የጀሶውን ስንጥቅ ያይ ነበር፤ ቢያይ ድማሚቱ ይቆም ነበር? እሱንም አላውቅም። ያለ ማስረጃ አትመልሱ እያልኩ ስንቱን ተማሪ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ።

«ኣይፋልን፣ ኣሞይ» አልኳት፤ አይደለም፣ እኛ አይደለንም። «ኣይፋልን።»