የተገለበጠው ሞላ

የኮርቻ ሰፊው ታናሽ ወንድም የሞተው ከፈረስ ስለ ወደቀ አልነበረም፤ ወድቆ እግሩ እርካቡ ውስጥ ስለ ቀረ እንጂ። የደነበረው ፈረስ ሜዳ ለሜዳ ጎተተው። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ሰፊው ሌላ ሐሳብ አልያዘውም። ዓመታት ፈጅቶ፣ ጋላቢው ሲወድቅ በሞላ ተከፍቶ እግሩን የሚለቅ እርካብ ሠራ። ሥዕሉንም ለፈረሰኛው ጦር መሥሪያ ቤት ከደብዳቤ ጋር ላከ፤ «አንድ ልጄም እናንተው ዘንድ ፈረሰኛ ነው» ብሎ በኩራት ጨመረበት።

መልሱ በወፍራም ወረቀት መጣ። ምስጋናው ረጅም፣ ጥያቄው አጭር። «ተኩስ ሲበረታ ከፈረስ እየዘለሉ የሚሸሹ አስቸግረውናል። ሞላውን ገልብጦ፣ አለቃ በቁልፍ ካልከፈተው በቀር እግር እንዳይለቅ ማድረግ ይቻላልን?»

ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሚስቱ ክር በሰም እያሸች ትሰማው ነበር። እጇ ቆመ።

«አትመልስላቸው።»

«መንግሥት እኮ ነው የጠየቀኝ።»

«ይጠይቃ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ለደብዳቤው መልስ አልጻፈም። ዝምታውንም እንደ እምቢታ ቆጠረው። መሣሪያ ግን የሠሪውን ልብ አያውቅም፤ የያዘውን እጅ ነው የሚታዘዘው። ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «መልስዎ ስለ ዘገየ አንጥረኞቻችን ሞላውን ራሳቸው ገለበጡት። ካሰብነው በላይ ቀላል ሆነ። በፊተኛው ረድፍ ለሚሰለፈው፣ ልጅዎ ላለበት ጓድ እርካቡን አስቀድመን አድለናል። ክብሩ የእርስዎ ነው።»

ወረቀቱን እንኳ ሳያጥፍ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ።

«ለልጄ ቦት ጫማ ስፋልኝ። ከልኩ በጣም የሰፋ።»

«ምነው ወዳጄ፣ ጦር ሰፈር እግር ያሳድጋል እንዴ?»

«እግሩ ወጥቶ ጫማው ብቻ እንዲቀር ነው የምፈልገው።»

ወረቀቱን ሲያነብ የጫማ ሰፊው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቆዳውን ከመስቀያው አወረደ።

ጫማው ባለቀ ጊዜ ኮርቻ ሰፊው ራሱ አጠለቀው። የራሱን እርካብ ሞላ ገልብጦ ከሥራ ቤቱ ጣሪያ አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠለጠለ፤ እግሩን ቆልፎ ወደ ኋላ ተወረወረ። እግሩ ሾልኮ ወጣ።

«ተመስገን!» አለ፣ ወለሉ ላይ እንደ ተዘረረ።

ሚስቱ እጇን ጫማው ውስጥ ከትታ ዳበሰችው። «ይኼ ደረቅ ነው» አለች። «ዝናብ የመታው ዕለትስ?»

ተነሣና ጫማውን ባልዲ ውስጥ ነከረው። ውሃው እየተንጠባጠበ አጥልቆ እንደገና ቆለፈ፤ እንደገናም ወደ ኋላ ወደቀ። እርጥቡ ቆዳ ተጣብቆበት እግሩ አልወጣም።

«ሳበው» አለችው።

ሳበ።

«አጥብቀህ!»