የሻረግ የላከችው ውሃ

የሻረግ ከመካነ ኢየሱስ ወረድ ብላ ባለች መንደር የምትኖር፣ ሰው ፊት መቆም የማይሆንላት ሴት ናት። ሰርግ ቤት ከጓዳ፣ ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ኋላ ነው የምትቀመጥ። ለእንግዳ ግን እጇ አያፍርም፤ የሚጠጣበትን ዕቃ አጥባ፣ በወይራ አጥና ነው የምትሰጥ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ትዝታ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ መንደሩ መጣች። ከገብስ ገለባ በተሠራ ከሰል ውሃ ማጣራትን ታጠናለች፤ ከሰሉ ከማሳ ታጥቦ የሚገባውን የተባይ መድኃኒት ሳይቀር ይይዝ እንደሆነ ልታይ ነው። ማጣሪያው ለሙከራ የሚተከል ግን ውሃው ከሁሉም ለተበከለበት አንድ መንደር ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ሰውም ከብቱም የሚጠጣ ከአንድ ኩሬ ነው። የየሻረግ ልጅ ብርቄ ክረምቱን ሆዷን ታማ የተኛችውም በዚሁ ነው።

ትዝታ የየሻረግ ቤት ለኩሬው ቅርብ መሆኑን አይታ ጠርሙሶች ሰጠቻት።

"እትዬ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ከኩሬው ይቅዱና በመኪና ይላኩልኝ።"

ዝናቡ ጣለ። የሻረግ ኩሬው ዳር ቆማ ውሃውን አየችው። ከብት ረግጦት ደፍርሷል፣ እንቁራሪት ይንጫጫበታል።

"ልጅቱ ይችን ይዛ ምሁራን ፊት ልትቆም?" አለች ለራሷ። ልቧ እንቢ አለ። ጠርሙሶቹን አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ለጠበል ካልሆነ ማንም ወደማይወርድበት ገደል ወርዳ ከምንጩ ቀዳች። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ላከች። አቀበቱን ወገቧን ይዛ ስትወጣ ደስ ብሏታል።

ትዝታ ተመልሳ ስትመጣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ቆሞ ነበር።

"ውሃችሁ ንጹሕ ነው" አለች ግራ ገብቷት። "ማጣሪያው ስማዳ ላለ ሌላ መንደር ይሁን ተብሏል።"

አያ አበጀ የተባሉት ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "በሬዬ አሽትቶ የሚመለስበት ውሃ ንጹሕ?"

"መሣሪያው አይዋሽም፣ አባባ።"

"እንግዲያ በሬዬ ነዋ የዋሸ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሻረግ ግን አልሳቀችም። ዝም ካለች ብርቄ ለመጪው ክረምት ያንኑ ልትጠጣ ነው። ከሴቶቹ ኋላ ተነስታ ወደፊት ወጣች።

"ከኩሬው አይደለም... ከምንጩ ነው የቀዳሁት።"

"ለምን፣ እትዬ?"

"እንዴ! ለሰው እንዲያ ያለ ውሃ ይሰጣል? ነውር አይደለም?"

ትዝታ ትንሽ አሰበችና "ለካ የወይራ ሽታ የሸተተኝ ለዚህ ነው!" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"አንች የሻረግ" አሉ አያ አበጀ፣ "ለምርመራ ቢሉሽ ለድግስ ላክሽ?"

"እኔ የፈለግሁ ያንኑ ነውሩን ነው" አለች ትዝታ። ወዲያው ሁለቱ ወደ ኩሬው ወረዱ። የሻረግ ፊቷን አዙራ ቀዳች። ጠርሙሱ ውስጥ የገባውን ቅጠል ልታወጣ ስትል ትዝታ እጇን ያዘቻት። "ይተዉት! እሱም ይሂድ።"

ከሰነበተ በኋላ ትዝታ ወደ አያ አበጀ ስልክ ደወለች። "ከሁሉም የባሰው የእናንተ ነው! ማጣሪያው ይመጣል!"

ወሬውን የሰሙት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

"ኧረ ቀስ!" አሉ አያ አበጀ። "ውሃቸው ቆሻሻ ነው ሲባል አማች ይሰማል፤ ያልዳረች ልጅ አለችኝ!"

የሻረግ ይኸን አልሰማችም። ማጣሪያው ይቆምበታል የተባለውን ቦታ ድንጋይ መልቀም ጀምራ ነበር።