ማሽኑ አላቆም ያለበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ተረት ይነገራልና። የምንኖረው ከፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች፣ ፍሙ ላይ የበቆሎ እሸት ትደረድራለች፣ የጎረቤት ልጆችም ጭሱን በእጃቸው እየገፉ የእናቴን አጎት፣ መሪጌታን፣ ከበው ይቀመጣሉ። መሪጌታ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቶ ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የተጀመረ ተረት አይቋረጥም፣ በመካከል የገባ እንግዳም ማንም ይሁን ማን ተቀምጦ ፍጻሜውን ይጠብቃል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ በአንድ ክረምት የሚተርኩልን ተረት ከመጻሕፍት የመጣ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ስንታየሁ ከውጭ አገር መምህራን ቤት አንድ የአሜሪካ ፊልም በቪዲዮ አይቶ ነበር፤ መሪጌታ ደጋግመው አስነግረውት እንደ ቅኔ በቃላቸው ያዙት። አንድ ጎረምሳ በኮምፒዩተር ሲጫወት ሳያውቅ የጦር ሠራዊቱን ማሽን ይነካል፤ ማሽኑም ጨዋታና ጦርነት አይለይምና ዓለምን የሚያቃጥለውን መሣሪያ ሊተኩስ ይሰናዳል። «ልብ የሌለው አእምሮ» ይሉት ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ ኮምፒዩተር አይቼ ስለማላውቅ ፋብሪካው አጥር ሥር እንደሚያጓራው ትራንስፎርመር ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያኔ ሬዲዮውም ስለ ኒውክሌር ያወራ ስለነበር በቆሎዬን ሳልጨርስ እተወው ነበር።

እናቴ የምትፈራው ሌላ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ጎረምሳ ይፈልግ ነበር፣ ስንታየሁም ዕድሜው ደርሷል። ከቀበሌ ሊወስዱት የመጡ ዕለት አንድ የምናውቀው ዓሣ አስጋሪ በታንኳ ከሐይቁ ማዶ ወደ ዘጌ ሊያሻግረው ቃል ገብቶላት ነበር።

አንድ ምሽት መሪጌታ የማሽኑ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ሲደርሱ በሩ ተንኳኳ። ስንታየሁ በጓሮ ወጣ። የቀበሌው ጓድ አበጀ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

«እንደምን አመሻችሁ። ስንታየሁ የለም?»

«አበጀ ነህ? ተቀመጥ ልጄ፣ ተረት ላይ ነን» አሉ መሪጌታ።

«እኔ እንኳ ለሥራ ነበር የመጣሁት፣ መሪጌታ።»

«ዓለም ልትቃጠል ነው እኮ የምልህ! ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለህ?»

ልጆቹ ሳቁ። አበጀ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

ፍጻሜውን አውቀው ነበር፤ ማሽኑ ከራሱ ጋር ሲጫወት ቆይቶ ማንም እንደማያሸንፍ ይረዳና ያቆማል። ያን ምሽት ግን አላቆም አለ። ገበጣ ጀመረ፣ መሪጌታም ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ እያዞሩ ተረኩት። ከገበጣ ወደ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ ወደ ገና ጨዋታ ሄደ።

«እግር ሳይኖረው ገና እንዴት ይጫወታል?» አለ አንዱ ልጅ።

«አሜሪካ ነው የተሠራው፣ አንተ! ይችልበታል!» አሉ መሪጌታ።

«ይሄ እኮ የለበትም» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዓይኗ ወደ ጓሮው በር ነበር። ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ተረቱን አልሰማሁም፤ ወንድሜን በሐሳቤ እየተከተልሁ፣ አሁን ዋንዛው ጋ ደረሰ፣ አሁን ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ገባ፣ አሁን ታንኳው ላይ ወጣ እያልሁ ፍሙ አመድ ሲለብስ አያለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር አበጀ ቀና ይላል፣ መሪጌታም ማሽኑን ሌላ ጨዋታ ያስጀምሩታል።

ድምፃቸው ሰልሎ ማሽኑ ሲያቆም አበጀ ተነሣ። ጓዳውን አልፈተሸም።

«መሪጌታ፣ የኔን ልጅ የወሰዱት ለት ቤቴ ውስጥ ተረት የሚያስረዝም ሽማግሌ አልነበረም» ብሎ ወጣ።

ፊልሙን ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው አገር አየሁት። ማሽኑ ጨዋታውን ሁሉ በአፍታ ጨርሶ ልብ ይገዛል፣ ተመልካቹም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። እስካረጅ ድረስ ስለ ጦርነት ብዙ አነበብሁ፤ ማንም እንደማያሸንፍ ስለገባው ብቻ ያቆመ አንድም አላገኘሁም። ስንታየሁ ተርፎ፣ አግብቶ ወልዶ ዛሬም ባሕር ዳር ነው። ልጁ አባቱ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ ሰው የሌለበት የጦር አውሮፕላን ሰማዩ ላይ ሲያንዣብብ ይደውልልኝና ስልኩን በመስኮት አውጥቶ «ሰማሽው፣ አክስቴ?» ይለኛል። እሰማዋለሁ። ይህን ሁሉ አንብቤ ለዚያ ልጅ የማስረዝመው ተረት አላጣም ይሆናል፤ ዛሬ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ግን ተቀምጦ የሚሰማ መሆኑን እንጃ።