የልብስ ሰፊው ቁምጣና የሹፌሩ መንገድ

ሰው በሙያው መኩራቱ ደግ ነው፤ ኩራቱ መቀመጫው ላይ ካልመጣበት። የኛ ልብስ ሰፊ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር በተቀመጠች የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የኖረ ሰው ነው። የሥራ ሱሪ የሚያሰፋ ሁሉ ወደሱ ነው የሚመጣው። መካኒኩም ግንበኛውም፣ ቁጢጥ ብሎ የሚውለው ሁሉ፣ «እዚያ ቤት የተሰፋ ሱሪ መቀመጫው አይተረተርም» ብሎ ይመሰክርለታል። እውነታቸውን ነው። ጨርቁን ያጥፈዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል፣ ከዚያ በሦስት መስመር ይመታዋል። ሱሪው ያልቃል እንጂ ስፌቱ ወይ ፍንክች።

ይህ ሰው ታላቅ ወንድም አለው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መናኸሪያ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አይቸኩሌ» ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም። ተሳፋሪው «ኧረ ንካው!» ብሎ ሲጮህበት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይልና በዚያው አነዳዱ ይቀጥላል። አባታቸው የሞተ ጊዜ አይቸኩሌ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ አሥር ነበር። ታላቅየው ትምህርቱን ጥሎ መጀመሪያ መኪና እያጠበ፣ በኋላ መሪ እየጨበጠ ታናሹን አሳደገው፣ አስተማረው፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪናም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ አመጣለት። ልብስ ሰፊው ይህን አንድም ቀን አልረሳም። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ዘይት ሲያጠጣት «እግዜር ይስጥህ ወንድም ጋሼ» ማለት ልማዱ ነው። ለራሱ ነው የሚለው፤ ማንም አይሰማውም።

ከስድስት ዓመት በፊት የአይቸኩሌ ዓይን ይጋርደው ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ «ምነው ዘገየህ?» አሉት። አይ የሰው ነገር! በዕድሜው አንዴ መቸኮል የነበረበት ያኔ ነበር፣ ያኔም አልቸኮለም። በስምንት ወር ውስጥ ብርሃኑ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ሳሎን ጥግ ያለች አንዲት ወንበርና አንድ ሬዲዮ ሆነ። መናኸሪያው አዳዲስ ሹፌሮች የሚያሠለጥን ሰው ፈልጎ ሁለት ጊዜ ቢልክበት፣ «ዕውር ሹፌር ምን ሊያስተምር? ሂዱ፣ አታላግጡብኝ» ብሎ መልእክተኛውን አሰናበተው። ሚስቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችም። ሰውየው ከወንበሩ አልነቃነቅ አለ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ሊጠይቀው ሄዶ አጠገቡ ተቀምጧል። ሬዲዮው ስፖርተኛ ላልሆነም ሰው ሁሉ ክፍት የሆነ የመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የብስክሌት ጉዞ እንዳለ ተናገረ። መንገዱን ሲዘረዝር አይቸኩሌ ቀና አለ። ለካ ሃያ ስድስት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው። ሚስቱ ይህን አይታ የሥልጠናውን ወሬ እንደገና ብታነሳበት ጊዜ፣ ምርር አለውና «ስሙኝ! ያን መንገድ አንዴ በገዛ እግሬ ከጨረስኩት መናኸሪያ እገባላችኋለሁ። እንደ ዕቃ ተጭኜ ከተመለስኩ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ!» አለ። አፋቸውን ለማስያዝ ያለው ነው። ልብስ ሰፊው ግን «ተስማማን» አለና ብድግ አለ።

በማግስቱ ሠፈራቸው ያለው በያጅ ዘንድ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ወስዶ አንድ አስደረጋቸው። ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፣ አንድ መሪ። ክብደቷ ለጉድ ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት አይታ «አንተ ሰውዬ፣ አርባ አምስት ዓመትህ እኮ ነው! ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት ሲባል አልሰማህም?» አለችው። ቢሆንም እሑድ እሑድ በጠዋት ተነስታ የሚበሉትን ትቋጥርላቸው ነበር። አይቸኩሌም ከአፉ የወጣ ቃል አስሮት ከወንበሩ ተነሳ፤ ሰባት ወር ሙሉ ከሠፈሩ የእህል መጋዘኖች ጀርባ ባለው ጭር ያለ መንገድ ላይ ተለማመዱ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ወደቁ። በአራተኛው ወር አይቸኩሌ ከኋላ ሆኖ ሲያፏጭ ታናሹ ሰማው፤ ድምፅ ሳያሰማ «ተመስገን» አለ።

አሁን ወደ ቁምጣው እንምጣ። ልብስ ሰፊው አዲስ ልብስ መለበስ ያለበት በክብር ቀን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስለዚህ ልምምዱን ሁሉ በአሮጌ ሱሪ አድርገው፣ ለዕለቱ ሁለት ጥቁር ቁምጣ ሰፋ። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ውስጡ ቢጫ ስፖንጅ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ሙያው አላስቀምጥ አለውና በውስጥ በኩል መሐል ለመሐል ያንን ስመ ጥር ስፌቱን አሳረፈበት። አራት እጥፍ ጨርቅ፣ በሦስት መስመር። ወንድሜ መሐል መንገድ ላይ ቢተረተርበትስ ብሎ ነው እኮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኛ ሰው ስፌት ግን አልፈታ ብሎ ነው ጉድ ያፈላው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሦስት መቶ ሰው ጋር ተነሱ። ሕጉ ግልጽ ነው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለብህ። ከሁሉ ኋላ አንድ ፒክአፕ በተወሰነ ፍጥነት ይከተላል፤ ብስክሌተኞቹ «ለቃሚው» ይሉታል። እሱ ከቀደመህ አበቃልህ፤ ብስክሌትህን ጭነህ አንተም ትጫናለህ።

የመጀመሪያው አርባ ኪሎ ሜትር ደስታ ነበር። አይቸኩሌ ከኋላ ሆኖ መንገዱን ይተርካል። «አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ቀጥሎ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ ጉድጓድ አለ፣ ግራህን ይዘህ እለፍ።»

«ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ወንድም ጋሼ።»

«ማን ደፈነው?» አለ፣ ንብረቱ የተነካበት ይመስል። «ሃያ ዓመት አቤት ስንል ያልሰሙ ሰዎች፣ እኔ ስወርድ ደፈኑት!»

ልብስ ሰፊው ከት ብሎ ሳቀ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ግን ሳቁ ቀረ። ከታች አንድ ነገር ይቆረቁረው ጀመር። ሰባ ላይ ይፈጨው ጀመር። ሰማንያ ላይ ገመድ ላይ የተቀመጠ መሰለው። ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ግን በምን አፉ ይናገር? ብቆም ወንድሜ ይለቀማል፤ ከተለቀመ ደግሞ ያቺ ወንበር እስከ ዕለተ ሞቱ ጨርሳ ወሰደችው አለ በልቡ። ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ ሲቀመጥ ብስክሌቷም አብራው ትንገዳገዳለች።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ አይቸኩሌ።

«ምንም አልሆንኩም። ዓይኔን ግንባር ያድ...» ብሎ መሐላውን እመሐል ላይ ዋጠው።

«ጨርሰው እንጂ! ምን ፈራህ? የኔ እንደሆነ ግንባር ከሆነ ስድስት ዓመቱ።»

ዘጠና አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አልቻለም። ፍሬን ያዘና ወርዶ አንድ የድንጋይ አጥር ተደግፎ ቆመ። «ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ» አለ። «ቁምጣው ነው። ስፌቱ በላኝ። ከሃምሳኛው ጀምሮ እየበላኝ ነው።»

አይቸኩሌም ቀስ ብሎ ወረደ፣ እግሩን እያንፈራጠጠ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ አጥሩን ይዞ በሳቅ ፈነዳ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ። «እኔ ደግሞ የኔ ገላ ነው ብዬ! ስድስት ዓመት ወንበር ላይ ከርሜ መቀመጫዬ ቢለሰልስ ነው ብዬ! ከአርባኛው ጀምሮ እኮ ነው የማቃስተው!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ለፍተህ ሰፍተህልኝ፣ ምን ብዬ ልናገር?»

ልብስ ሰፊው እሱም መሳቅ ጀመረ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ አንዱ ላንዱ ብሎ፣ አርባና ሃምሳ ኪሎ ሜትር እሾህ ላይ ተቀምጠው ዝም! በዚያች ሰዓት ይህን ወንድም ስለሰጠው አምላኩን ከልቡ አመሰገነ። ከዚያ ባለሙያነቱ ተመለሰለትና «ገልብጠን እንልበሰው» አለ። አጥሩ ኋላ ገብተው ቁምጣቸውን ገለበጡ፤ ስፌቱ ወደ ኮርቻው፣ ስፖንጁ ወደ ውጭ። ሲወጡ ሁለቱም ቢጫ መቀመጫ አብቅለዋል።

መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሲያያቸው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ በሳቅ ይንከባለላል።

«ምን እያሉን ነው?» አለ አይቸኩሌ።

«እያደነቁን ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ቁርቁሩ ጨርሶ ባይተዋቸውም ተቻለ። ሰዓቱ ግን ነጉዷል። መቶ ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሹፌር ሁሉ የሚፈራው ዳገት ተጀመረ፤ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ሜዳ የሚባል ነገር የሌለው። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ መጣ። ለቃሚው ነው። አጠገባቸው ደረሰና ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጋሽ አይቸኩሌ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ነኝ፤ መሪ ያስያዙኝ፣ እዚሁ ዳገት ላይ!» ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝማ፣ አንድ እጅዎን መስኮቴ ላይ ጣል ያድርጉ። እስከ አናቱ ብቻ ነው። ማንም አያይም።»

የልብስ ሰፊው እግሮቹ ዝለዋል፣ ደረቱ ይነዳል። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ በለው፣ እሺ በለው እያለ ነበር በልቡ።

«ማንም አያይም አልክ?» አለ አይቸኩሌ እያለከለከ። «እኔም አላይም፣ ልጄ። አውቀዋለሁ ግን። አንተ በሰዓትህ ንዳ፤ አትጠብቀኝም፣ አታዝንልኝምም። እንደዚያ ነው ያስተማርኩህ።» ከዚያ የታናሹን ጀርባ በጡጫ መታ አደረገው። «አንተ ደግሞ ምን ትሰማለህ? ሁለት መታጠፊያ ነው የቀረው። በግራ በኩል ነፋስ ይመታሃል፣ ያኔ አናቱ ደረሰ ማለት ነው። ርገጥ!»

ረገጡ። እንዴት እንደረገጡ ልብስ ሰፊው እስከዛሬ መናገር አይችልም። ከኋላው የወንድሙ ጉልበት በፔዳሉ በኩል እየመጣ እግሩን ያነሳለት ነበር። በልጅነቱ ወንድሙ አዝሎት ወንዝ ሲያሻግረው እንዲህ ነበር የሚሰማው። የለቃሚው ሹፌርም ቃሉን አክብሮ በሰዓቱ ነዳ፤ ባይሆን «አሥር ሜትር ቀድማችሁኛል! ሃያ ሜትር! አይዟችሁ!» እያለ በመስኮት ይጮህላቸዋል። የመጀመሪያው መታጠፊያ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ከግራ ነፋስ መጣ። ቁልቁለቱን ሲይዙ አይቸኩሌ እንደ ልጅ ጮኸ።

ለአሥር ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ገቡ። ሳሩ ላይ ጎን ለጎን በሆዳቸው ተኙ፤ በጀርባማ ማን ይተኛል? ሚስቶቻቸው ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ፣ ስፖንጁን አዩና ቀጥ አሉ። ስለ መናኸሪያው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ልብስ ሰፊውም አልደፈረም። ሰው በንዴት የተናገረውን ቃል አስታውሶ መያዝ ደግ አይደለም ብሎ ተወው።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱቁን ከፍቶ፣ መቀመጥ ስላልሆነለት ቆሞ ቁልፍ ይተክላል። ደረጃው ላይ ዱላ ሲነካካ ሰማ። ቀና ሲል አይቸኩሌ በሩ ላይ ቆሟል። ብቻውን ነው። ከቤቱ እዚህ ለመድረስ ሁለት ትልልቅ መንገድ መሻገር አለ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድም ቀን ብቻውን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።

«ማን አመጣህ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌው ከእጁ ወድቆ።

«እግሬ ነዋ። ና ለካኝ። ካሉኝ ሱሪዎች ለሥራ የሚሆን አንድም የለም፤ ሁሉም ከወገቤ ይንሸራተታል። መናኸሪያ ደውዬላቸው ነበር፣ ሐሙስ ጀምር ብለውኛል።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በወንድሙ ወገብ ላይ አዞረና አጎነበሰ። አጎንብሶ ቀረ።

«ስንት ነው?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ስንት ነው እኮ ነው የምልህ!»

«ቆይማ አንዴ፣ ወንድም ጋሼ። ቁጥሩ አልታይ ብሎኝ ነው።»

አይቸኩሌ እጁን ሰዶ የታናሹን ፊት ዳሰሰ። ጉንጩን እርጥብ ሆኖ አገኘው። መዳፉን እዚያው አሳርፎ ትንሽ ቆየ።

«እንግዲህ ሁለታችንም ካላየን፣ ማን ሊለካኝ ነው?» አለ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ሜትሩን እንደገና አዞረ።