ከደረጃ የወደቁት አዛውንት

ኮታቸው የተተኮሰ፣ ክራቫታቸው የጠበቀ፣ ፊታቸው እንደ ዳኛ የኮሰተረ አዛውንት ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው ዳቦ አክሏል።

"ከደረጃ ወድቀው ነው፤ ራጅ ቢነሱም ስብራት አልታየም" አለችኝ ደግፋ ያመጣቻቸው ልጃቸው። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ልጅቷን ወደ ውጭ ሸኝቼ፣ ቀበቶ፣ ሰዓትና ጫማቸውን አስወልቄ ኤምአርአይ ማሽኑ ላይ አስተኛኋቸው።

ማሽኑ ዱግ ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር የእግራቸው ጣቶች አብረው ተነሱ። ትከሻቸው ተከተለ። ምስሉ ብልሽትሽት አለ።

"አባባ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ!" አልኳቸው በድምፅ ማጉያው።

"እኔማ ድርቅ ብያለሁ፤ ይሄ ማሽንሽ ነው አላስቀምጥ ያለኝ!"

ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው እኔም ወንበሬ ላይ እየተወዛወዝኩ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ምንም ረጉልኝና ከጉልበታቸው ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ፍንትው ብላ ታየች።

ጫማቸውን ሳጠልቅላቸው ተረከዙ አዲስ ነው፤ የፊቱ ሶል ግን እንደ ወረቀት ሳስቷል።

"አባባ፣ የትኛው ደረጃ ነው የጣለዎት?"

በሩን ገልመጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የምን ደረጃ? የምንጨፍርበት አዳራሽ ሜዳ ነው! አደራ፣ እንዳትነግሪብኝ፤ ልጄ ከሰማች ጫማዬን ነው የምትቆልፍብኝ!"